ያለ ናፍጣ የሚሄደው አውቶብስ

ከተማችን በተከበበች በመጀመሪያው ወር ብዙ ሰው ብዙ ነገር አቆመ። አስተማሪዎቹ ማስተማር አቆሙ፣ ሰዓት ሠሪው ሱቁን ቆልፎ ምድር ቤት ገባ፣ ከበላያችን ያለችው ሴትዮ ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ መዝፈኗን አቆመች። የእህቴን ባል ግን ሥራ ማቆም የሚባል ነገር እንዳለ የነገረው ሰው የለም። የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው። ናፍጣ ካለቀ ሰንብቷል፤ መንገዱ በከባድ መሣሪያ ተቦዳድሷል፤ የመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ወለሉ ላይ ተኝቷል። እሱ ግን በየማለዳው ጢሙን ተላጭቶ፣ ሰማያዊ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ ይወጣል። "ወዴት ነው?" ሲሉት "ሥራ ነዋ!" ይላል፤ እሱን የሚገርመው የጠያቂው ጥያቄ ነው።

ሰፈሩ "ፌርማታ" ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከጦርነቱ በፊት ነው። ሌላው ሹፌር ሰው የሌለበትን ፌርማታ ጥሎ ሲያልፍ እሱ ዝናብ ቢዘንብም፣ ሰዓቱ ቢረፍድም ይቆማል። ለባዶ አየር በሩን ከፍቶ፣ ባዶ አየር አሳፍሮ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ወይ ይሾማል ወይ ይሳቅበታል። እሱን ማንም አልሾመውም።

አውቶብሱ የቆመው ከቤታችን ፊት ለፊት፣ የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ናፍጣው ሊያልቅ ሲል "ጋራዥ ካደረ ይቃጠላል" ብሎ አምጥቶ መስኮታችን ሥር ገተረው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መስታወቱን ይወለውላል። በከተማው ሙሉ መስታወት የቀረው እሱ ጋ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ቢበዛ ትንሽ ነው ያጋነንኩት። የኛ ቤት መስኮት ላስቲክ ተወጥሮበታል፣ አውቶብሱ ግን ያብረቀርቃል። ጎረቤቶች ጎማውን ለማገዶ፣ የወንበሩን ስፖንጅ ለፍራሽ ቢለምኑት "ተሳፋሪ ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?" እያለ መለሳቸው። አንዱ በስድብ፣ አንዱ በእርግማን ሄደ። እሱም ለሁለቱም ቆቡን አንስቶ ሰላምታ ሰጠ።

እኔ የምኖረው እነሱ ቤት ነው። የራሴ ክፍል ግድግዳ ወርዶ መንገደኛው ሁሉ አልጋዬን ማየት ሲጀምር ፍራሼን ተሸክሜ እህቴ ጋ መጣሁ። ሥራዬ ሆስፒታል ልብስ ማጠብ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹ ቆሙ፣ እኛ ግን በበርሜል እየቀቀልን በእጃችን እናጥባለን። ቁስለኛ ደግሞ በዛ፤ አንሶላ የዕረፍት ቀን የለውም። ስለዚህ በየቀኑ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ አደባባዩን ተሻግሬ ሆስፒታል መግባት አለብኝ።

አደባባዩ ነው ችግሩ። ከወዲያኛው ኮረብታ ላይ የተቀመጡት ተኳሾች የከተማውን መንገድ ሁሉ አያዩም፤ አደባባዩን ግን ልክ እንደ እጃቸው መዳፍ ያዩታል። ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ተነስቶ እስከ ሆስፒታሉ መንገድ ያለው ክፍት ቦታ በሰላሙ ጊዜ ሁለት ቀልድ ሳይወራ የሚያልቅ ነበር። አሁን ሰው ግድግዳው ሥር ቆሞ ግማሽ ቀን ያስባል። አንዳንዱ አስቦ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት እኔም እንደዚያ አስቤ ከቤት ሳልወጣ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ፌርማታ አውቶብሱን እየወለወለ አየኝ።

"ምነው ቆምሽ?"

"ፈራሁ ጋሼ።"

"መስመሬ ላይ ነው የምትሠሪው። አደርስሻለሁ" አለና ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከፊቴ ሆኖ ወረደ። መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ክንዱን ዘርግቶ ምልክት ሰጠ፤ ሳቄ አመለጠኝ። የመጀመሪያው ፌርማታ ጋ ስንደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ምን እየጠበቅን ነው?" አልኩት።

"ተሳፋሪ።"

"በየትኛው አውቶብስ ሊሳፈር?"

መልስ ሳይሰጠኝ ዳቦ ጋጋሪዋ ሴት ከአንድ በር ሥር ብቅ አለች። እሷም እንደኔ ፈርታ ቆማ ኖሯል። አየችን፤ ምንም ሳትጠይቅ ከኋላዬ ተሰለፈች። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ፌርማታ ቆቡን አውልቆ ከግድግዳው አጮልቆ አየ፤ መልሶ ደፋውና መራመድ ጀመረ። አልሮጠም። እኛም ማጅራቱን እያየን ተከተልነው፤ ተሻገርን።

በማግስቱ አምስት ሰው መጣ። በሳምንቱ ሰልፉ እስከ ጥግ ድረስ ሄደ። ሰዉ ሁሉ በየፌርማታው ቆሞ ይጠብቀው ጀመር። ቤቱ የደረሰ ሰው "ወራጅ አለ!" ይላል፣ ፌርማታም ይቆማል፣ ሰውየው ከሰልፉ ይወጣል። በጉዞ ላይ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው። በየመሀሉ ዞር ይልና "ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መንገድ አትዝጉ" ይላል፤ የቱን መንገድ እንደሆነ እንጃለት። ከሁሉ የባሰው ግን በአጭሯ መንገድ አለመውሰዱ ነው። ለተሽከርካሪ የተከለከለች ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ስለሆነች ዙሪያ ጥምጥም ያዞረናል።

ጡረታ የወጡ ዳኛ አብረውን ይሄዱ ነበርና አንድ ቀን አልቻሉም።

"ስማ አንተ፣ እኔ ሕግ ስፈርድ ነው ያረጀሁት። ያ ምልክት እግረኛን አይመለከትም!"

"ክቡር ዳኛ፣ እርስዎ በችሎትዎ፣ እኔ በመስመሬ" አላቸው፤ አዞራቸውም። ዳኛው መንገዱን ሙሉ እያጉረመረሙ ተከተሉት። በማግስቱም ከሁሉ ቀድመው ፌርማታው ላይ የተገኙት እሳቸው ናቸው።

ሰዉ "ይህ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፣ ተኳሾቹ መቼ እንደሚያርፉ ቆጥሮ ደርሶበታል" ይል ነበር። አብሬው የምበላ ሰው ነኝና ልናገር፦ የሚያውቀው ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ካልሲው የት እንደገባ እንኳ አያውቅም። ሰው ግን ከፊቱ የሚራመድ ጀርባ ሲያይ ይደፍራል። ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ ከተማውን ሁሉ ያሻገረው ሰው አንዲት ሴት ማሻገር አቃተው። እሷም ሚስቱ ናት።

እህቴ የዚያው አውቶብስ ቲኬት ቆራጭ ነበረች። ከኋላ በር አጠገብ ባለችው ከፍ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣ ለዓመታት ያየችው ማጅራቱን ነው። እሱ ደግሞ በውስጥ መስታወቱ ያያታል። እሷ "ወራጅ አለ" ትላለች፣ እሱ ይቆማል፤ እሷ "ሳበው!" ትላለች፣ እሱ ይሄዳል። ሌላ ቃል ሲለዋወጡ የሰማ የለም። ከዚህ ውስጥ ፍቅር በየት በኩል እንደወጣ እስካሁን ባይገባኝም ተጋቡ። ልጅ ግን እንቢ አላቸው። ተስፋ ቆርጠው፣ የሰው ልጅ እያቀፉ መሳም ከጀመሩ በኋላ፣ እንጀራ በጠፋበት፣ ውሃ በባልዲ በሚለመንበት፣ ከተማዋ በተከበበችበት ዓመት አረገዘች። "ይሄ ልጅ የአባቱ ልጅ ነው" አለች። "ሰው ኖረም አልኖረም ይቆማል።"

አንሶላ ከማጥብላቸው ክፍሎች አንዱ የማዋለጃው ክፍል ነው። አዋላጇን ለምኜ ከሰልፉ ጋር ቤታችን ድረስ አመጣኋት። ሆዷን ዳበሰች፣ ጆሮዋን ደቅና አዳመጠች፣ ፊቷ ተለወጠ።

"ልጁ ተጋድሞ ነው የተኛው። እዚህ ቤት ውስጥ ልትወልጂ አትችዪም። ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልግሽ። ምጥ ሳይጀምርሽ ሆስፒታል ግቢ፤ እዚያው ትቆያለሽ። ካልሆነ ሁለታችሁንም እናጣለን።"

"እሺ" አለች እህቴ። አዋላጇ ከወጣች በኋላ ደግሞ "እሺ ያልኩት እንድትሄድ ነው" አለች።

ሰበቧ ማለቂያ አልነበረውም። አንድ ቀን እግሯ አብጧል። አንድ ቀን የሆስፒታል ሾርባ አይስማማትም። አንድ ቀን "ያ ሰልፍ ላይ ዳኛው ይሄዳሉ፤ የሚያወሩት ነገር ልጄን ያስወርደኛል" አለች። ሁላችንም እንስቃለን፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እውነቱን እኔም አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀዋል። በከበባው መጀመሪያ ሰሞን እህቴ ከቲማቲም ሻጯ ጓደኛዋ ጋር ውሃ ሊቀዱ ወርደው ነበር። ጓደኛዋ "እኔ ልቅደም" ብላ ጄሪካኗን ይዛ ወደ አደባባዩ ወጣች፤ ጥቂት እንደተራመደች ወደቀች። እህቴ ግድግዳው ሥር ሆና ስሟን ስትጠራ ዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሕንጻው በር ወጥታ አታውቅም። ስለ ጓደኛዋም አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ስታፌዝ ብቻ ነው የምትውለው።

ሆዷ እየገፋ መጣ። አንድ ምሽት እራት ላይ፣ እራት ከተባለ፣ ፌርማታ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ነገ ከእኔ ጋር ትወርጃለሽ" አላት።

"አልወርድም።"

"እጅሽን እይዝሻለሁ።"

"ሹፌር እጁን ከመሪው ላይ አያነሳም።"

"እለምንሻለሁ። ልጃችን ነው። አንቺ ነሽ።" እኔ ሳህኑን ለማንሳት ብዬ ዞር አልኩ፤ ሳህኑ ላይ የሚነሳ ነገር አልነበረም።

እህቴም አገጯን ቀና አድርጋ ያን የቲኬት ቆራጭ ድምጿን አወጣች። "እኔ ያን መስመር በእግሬ ሄጄው አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ በአውቶብስ ነው የሄድኩት፤ በስተርጅና በእግር አልጀምርም። አውቶብሱን አምጣና እሄዳለሁ።"

"ናፍጣ የለም እኮ።"

"እሱ የሹፌሩ ጉዳይ ነው።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሷ ነገሩን የዘጋች መስሏት ተኛች። እሱ ግን ኮርኒሱን ሲያይ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ሰልፉን ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር አቁሞ ዞረና ቆቡን አወለቀ። በጉዞ ላይ ማውራት የከለከለው እሱ ራሱ አወራ። ሚስቴ እንዲህ ናት፣ ልጁ እንዲህ ነው፣ አውቶብሱን እስከ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ የሚገፋልኝ ሰው እፈልጋለሁ አለ።

ከዚያ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለው ጀመሩ።

"ትንፋሽዎን ለመግፊያው ያስቀምጡት አባባ" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፌርማታ ደጋግሞ አስረድቷል። አውቶብሱ ከዳገቱ ጫፍ በባዶ ማርሽ ይለቀቃል። ቁልቁለቱ በራሱ ያወርደዋል። ባገኘው ፍጥነት አደባባዩን ሰንጥቆ የሆስፒታሉ መንገድ ውስጥ ይገባል። ሞተር ስለማይነሳ ፍሬኑ አይታመንም፤ ያለው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ የትም አለመቆም። ይህን ሲናገር ጣቱን ቀስሮ ነበር። "የትም! ከቆመ ፍጥነቱን አያገኘውም።" የሚገፉት ሰዎች ደግሞ አውቶብሱን ከለቀቁ በኋላ በሩጫ ይከተላሉ፣ ምናልባት አንድ ነገር ቢፈጠር።

ጎማዎቹ ተንፍሰው ነበርና በብስክሌት መንፊያ ተነፉ። ዳኛው "እኔ እሞላዋለሁ" ብለው አንዱን ጎማ ሲነፉ ዋሉ፤ ማታ ሚስታቸው ክንዳቸውን በሙቅ ውሃ ስታሽላቸው አመሸች። ጉም የወረደበት ጠዋት ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ጉሙ መጣ፤ የፊት ለፊቱን ሕንጻ ዋጠው።

እህቴ የሰው ድምፅ ሰምታ የመስኮቱን ላስቲክ ገለጠች። አውቶብሱ በር ላይ ቆሟል፤ በሩ ተከፍቷል፤ ባሏ ቆቡን ደፍቶ መሪው ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላ የሰፈሩ ሰው በሙሉ እጁን አውቶብሱ ላይ ደግፎ ቀና ብሎ ያያታል። ፊቷ አመድ መሰለ።

"አንቺ" አለችኝ፣ "ይሄ ሰውዬ አበደ እንዴ?"

"አውቶብሱን አምጣ ያልሽው ራስሽ ነሽ እትዬ።"

"ለነገር ነዋ ያልኩት!"

አለች እንጂ ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች ነበር። እህቴ ለባሏ የሰጠችውን ቃል የምትበላ ሰው አይደለችም፤ ይህ ክፉ አመሏ በዚያ ቀን ጠቀማት። የሕፃን ልብሷን ቋጥራ፣ ደረጃውን ተንፏቅቃ ወረደች። የሕንጻው በር ላይ ስትደርስ መቃኑን ጨብጣ ቆመች። ቀና ብላ ማንንም ሳታይ ተሳፈረችና ወደ ቀድሞ ወንበሯ ሄደች። እኔ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላ "አንድ፣ ሁለት" ሲባል ተሰማ፣ አውቶብሱ ተነቃነቀ፣ ተንቋቋ፣ ሄደ።

ሞተር የሌለው አውቶብስ ሲሄድ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ድምፅ የለም። የጎማው ሹክሹክታና የወንበሮቹ መንቋቋት ብቻ። ጉሙ በመስታወቱ ላይ እየመጣ ይከፈላል። ፍጥነቱ ጨመረ። እህቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ። የመጀመሪያውን ፌርማታ አለፍን። ሁለተኛውን አለፍን። የእህቴ ባል ፌርማታ ላይ ሳይቆም ሲያልፍ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ማጅራቱ ላይ ላቡ ሲወርድ ይታየኛል። ዳቦ ቤቱ ብቅ አለ። ከሱ ቀጥሎ አደባባዩ ነው።

ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር ደግሞ ጥቂት ሰዎች ቆመው ነበር። ከሌላ ሰፈር የመጡ፣ ነገሩን ያልሰሙ፣ እንደ ወትሮው ፌርማታን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ከጉሙ ውስጥ እውነተኛ አውቶብስ ሲወጣ ሲያዩ አንዲት አሮጊት፣ ጦርነቱንም ከበባውንም ረስታ፣ እጇን አነሳች።

እሱም ቆመ።

የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ አውቶብሱ እያቃሰተ፣ እየተንሸራተተ፣ ልክ የፌርማታው ምልክት ፊት ለፊት ቀጥ አለ። በሩንም በእጁ ከፈተው። አመል ያወጣል ከመሀል።

እህቴ በዝግታ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ምን ሆንክ?"

"ፌርማታ ነው" አለ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ወደ መስታወቱ ቀና አለ፤ ፊቱን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። "ወይኔ" አለ። "ወይኔ፣ ተሳፋሪ አየሁ እኮ።"

እህቴ አፏን ስትከፍት እኔ ስድብ ጠበቅሁ። የወጣው ግን ሳቅ ነው፤ ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠና ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ምጡ ጀምሯት ነበር።

ከኋላ የሚከተሉን ሰዎች እያለከለኩ ደረሱ። ዳኛው መጨረሻ ላይ ነበሩ። ማንም የጠየቀ የለም። ዳቦ ጋጋሪዋ ትከሻዋን የኋላው መከላከያ ላይ አደረገች፤ ሌላውም ተጠጋ፤ እጇን ያነሳችው አሮጊትም ሳትቀር ተጠጋች። አውቶብሱ እንደ ከባድ በሬ ተነሳና ቀስ እያለ ወደ አደባባዩ ወጣ። ጉሙ እየሳሳ ነበር።

የመጀመሪያው ጥይት በግራ በኩል ያለውን መስታወት አወረደው። እህቴ ወለሉ ላይ ተኛች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ እኔም ላይዋ ላይ ተደፋሁ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው። ከጀርባ የገፊዎቹ ትንፋሽ ይሰማል። አንዱ "እናቴ!" ብሎ ጮኸ። እህቴ ዓይኗን ገለጠች። ገፋችኝና በጉልበቷ ተነስታ በኋላው በር አጮልቃ አየች። ግማሾቹ የሚገፉት በግራ፣ በተኳሾቹ በኩል ነው።

"በቀኝ!" ብላ ጮኸች። ያ ድምጿ፣ በሰላሙ ጊዜ የሰውን ጆሮ የሚበጥሰው። "በቀኝ በኩል ጠጋ በሉ! ሁላችሁም! አባባ ዳኛ፣ ለእርስዎም ነው! ራስ ዝቅ! ራስ ዝቅ በሉ እንጂ ጅል ሁላ! ሳበው ሹፌር!"

የሚሳብ ነገር አልነበረውም፤ እሱ ግን መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ሳበ። ሰዎቹ ወደ ቀኝ ተሰበሰቡ፤ ገፉ። የግራው ጎማ ፈነዳ፣ ሌላውም ተከተለ፤ አውቶብሱ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ክፍቱ ቦታ ላይ ተጋድሞ ቀረ። አፍንጫው ግን የሆስፒታሉ መንገድ ላይ ደርሶ ነበር። እህቴ በፊት በር ወረደች፤ በአውቶብሱ ጥላ ሥር ተከልላ በገዛ እግሯ ሆስፒታል ገባች።

ሴት ልጅ ተወለደች። በሐኪሞቹ ባትሪ ብርሃን፣ እኔ በእጄ ባጠብኩት አንሶላ ላይ። ከሰዎቹ መሀል የተጎዳው ዳኛው ብቻ ነበሩ፤ ስባሪ መስታወት ጆሯቸውን ጫረው። ያን ጆሮ እስካሁን ድረስ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያሳያሉ።

አውቶብሱ እዚያው ቀረ። ሰዉም ብልህ ነው፤ በማግስቱ ከጀርባው እየተከለለ መሻገር ጀመረ። ተኳሾቹ በጥይት ወንፊት አደረጉት፣ ግን ወንፊትም ቢሆን ያጋርዳል። ከአውቶብሱ ጭራ እስከ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ጥቂት እርምጃ ብቻ ክፍት ቀረ፤ ሰው እሱን በሩጫ ያልፈዋል። ፌርማታ እንደ ልማዱ ተላጭቶ፣ ለብሶ ፌርማታው ላይ ቆመ። የሚያልፉት ሁሉ "እንዴት አደርክ? እንኳን ማርያም ማረችልህ!" እያሉት በራሳቸው ይሄዳሉ። ማንም ከኋላው አልተሰለፈም። እሱም ለሁሉም ቆቡን ያነሳል። አንጀቴን በላው፤ ግን ለሱ እንዲህ ብዬ አልነገርኩትም፤ "ጡረታ ወጣህ እንግዲህ ጋሼ" ነው ያልኩት።

ደህና ስትሆን እህቴን ልናወጣት ሄድን። ልጅቷን እሱ አቀፋት፤ ለማንም አልሰጥም አለ። እህቴ ስፌቷን በእጇ ደግፋ፣ እኔ ጓዟን ተሸክሜ፣ በአውቶብሱ ከለላ እየሄድን ጭራው ጋ ደረስን። የቀረችው ያቺ ክፍት ቦታ ናት። እሱ ፊት ነበር። ቆመ። እኔ አሁንም ተሳፋሪ አየ እንዴ ብዬ ልቀልድ አፌን ስከፍት ጉልበቱ ሲከዳው አየሁ። አውቶብሱን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ልጅቷን ደረቱ ላይ ለጠፋት።

"አልችልም" አለ።

"ምኑን?" አለች እህቴ።

"መሻገሩን። እሷን ይዤ አልችልም።"

"አንተ አይደለህ እንዴ ስንት ወር ሙሉ ስትመላለስ የከረምከው?"

"እፈራ ነበር እኮ" አለ። እንባው በጉንጩ ወርዶ የልጅቷ መጠቅለያ ላይ ይንጠባጠባል። "ሁልጊዜ። አንድም ቀን ሳልፈራ ተሻግሬ አላውቅም። ሰው ከኋላዬ ስላለ መሮጥ አፍሬ ነው።"

እህቴ ይህን ሰምታ እንደምታፌዝበት እርግጠኛ ነበርኩ። ለዚህ ዓይነት ቃል ዓመት ሙሉ የሚበቃ ቀልድ ታወጣ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ አለችና፣ ስፌቷ ሲያማት ፊቷ እየተኮማተረ፣ ልጅቷን ከእጁ ወስዳ ለኔ ሰጠችኝ። ከዚያ እጇን ዘረጋችለት።

"ተነስ" አለችው። "እኔም ፈርቻለሁ። እጅህን ስጠኝ።"

እኔ የማንም ሹፌር አይደለሁምና ሕፃኗን ጡቴ ሥር ወሽቄ ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ። ግድግዳው ሥር ደርሼ ዞር ስል ገና መሀል ላይ ናቸው። እሷ ስፌት አላት፣ እሱ ጉልበት የለውም፤ ቲማቲም ሻጯ ጓደኛዋ በወደቀችበት ቦታ ላይ እህቴ ፊት፣ እሱ ከኋላዋ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሽማግሌ ይራመዳሉ። "ፍጠኑ!" አልኳቸው። ጅል አልኳቸው፣ ደንቆሮ አልኳቸው፣ በእናት በአባታቸው፣ ማለት በራሴው እናትና አባት ሳይቀር ሰደብኳቸው። አጠገቤ እስኪደርሱ ድረስ ስሰድብም ሳለቅስም ነበር።